እሳት ያላየው ቢላዋ

የአቶ ሽፈራው ዋለ የሕይወት ታሪክ
(ከ1938 – 1982 ዓ.ም.)

አቶ ሽፈራው ዋለ ከአባታቸው ከአቶ ዋለ ኤርጫፎና ከእናታቸው ከወይዘሮ እልፍነሽ ሀንዴቦ በከምባታና ሐዲያ አውራጃ፣ ዶዮገና አጠገብ፣ በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ወይዘሮ እልፍነሽ በሕይወት ሳሉ እንደሚያወሩት፣ ልጃቸው በጨቅላነታቸው ቀኙን ጡት ሲሰጧቸው ግራውን፣ ግራውን ሲሰጧቸው ቀኙን ይፈልጉ ነበር። አድገውም ይህ ጠባይ አልለቀቃቸውም። ይህን ታሪክ የጻፈው የባለቤታቸው ወንድም መምህር ጥሩሰው ሳህሉ ሲሆን፣ ጸሐፊውና ሟች ለሦስት ዓመት ያህል የእግዜር ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። ይህን የማያውቅ ለቀስተኛ እዚህ ስለሌለ መደበቁ ትርፍ የለውም። ታሪካቸው በጸሐፊው እጅ እንዲጻፍ የተናዘዙት ራሳቸው ሟች ናቸው፤ ምክንያቱ በቦታው ይነገራል።

አቶ ሽፈራው ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያው በነበረው የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ሁለተኛ ደረጃን ሆሳዕና ተምረው፣ ሁለት ዓመት በእርሻ ማሠልጠኛ ቆይተው በ1961 ዓ.ም. በእርሻ ልማት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በማሠልጠኛው ስለ ስንዴ፣ ስለ በቆሎና ስለ ማዳበሪያ ተምረዋል። ስለ እንሰት ግን አንድ ቀን እንኳ አልተማሩም፤ ይህ አገር ምን በልቶ እንደሚያድር ለአስተማሪዎቹ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ተመልሰው መጥተው ደብተራቸውን እንደያዙ እንሰት ከሚፍቁ ሴቶች ጎን ቁጭ አሉ። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አይቀርብም፤ ነውር ነው። ሴቶቹ አባረሯቸው፣ ወንዶቹ ሳቁባቸው፣ እሳቸው ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ በማግስቱም ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ ደብተር የወጣው ነገር አንድ ነው። አጠውልግ የሚባለው በሽታ፣ እንሰቱን ከመሐል ቅጠሉ ጀምሮ የሚያደርቀው፣ ከተክል ወደ ተክል የሚሄደው በቢላዋ ነው። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ እሳት ሳያይ ጤነኛውን ከነካ፣ ስድስትና ሰባት ዓመት የተደከመበት ጓሮ አለቀ ማለት ነው። አቶ ሽፈራው ይህንን በገበያ፣ በለቅሶ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ተናገሩ። ሲበዛ አሰልቺ ነበሩ። ለሟች ክብር ሲባል ይህ ሐሳብ ቢቀር ደግ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ያልሰማቸው ከመሰልቸቱ የተነሣ ስለሆነ አይቀርም።

በ1964 ዓ.ም. ከወይዘሮ ገነቴ ሳህሉ ጋር ተጋቡ። በመልሱ ቀን አማታቸው አቶ ሳህሉ ለእንግዳው ቆጮ ማቅረቢያ የሚሆን የእንሰት ቅጠል ሊቆርጡ ሲወጡ፣ ሙሽራው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተከተሏቸው። ቢላዋውን ከእጃቸው ተቀብለውም ምድጃ ውስጥ ማገዱት። ቢላዋው ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የመጣ ነው፤ የቀንድ እጀታው በአንድ ጎኑ ተቃጥሎ ጠቆረ። ሽማግሌው ሳቁና «ይሁን፣ ልጄም አይደል» አሉ። ጸሐፊው ግን ያን ቀን አልሳቀም። አባቱ ሲሞቱ ቢላዋው ለእሱ ደረሰ፤ እጀታውን በጨበጠ ቁጥርም የጠቆረው ቦታ ከመዳፉ ሥር ይገባ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ አቶ ሽፈራው ጠዋት በእርሻ ሥራቸው፣ ከሰዓት በኋላ በማስተማር ተሰማሩ። በዋርካው ሥር ሰሌዳ ሰቅለው፣ እናቶች መጀመሪያ እንዲያነቡት ያደረጉት ዓረፍተ ነገር «ቢላዋ እሳት ይይ» የሚል ነበር። ሊጎበኝ የመጣ ካድሬ ይህ ከየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ቢጠይቃቸው «ከጓሮ» አሉት። ለዚህች መልስ የሁለት ወር ደመወዛቸውን ተቀጡ። ያስተማሯቸው እናቶች ከመቶ ስልሳ በላይ ናቸው፤ ዛሬ ይህን ወረቀት ያለ አንባቢ የሚከታተሉት እነሱ ናቸው።

በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታ ትእዛዝ መጣ። ሕዝቡ ጓሮውን ጥሎ፣ በገመድ ተለክቶ ወደተሰለፈ አዲስ መንደር እንዲገባ፣ እያንዳንዱም አባወራ የእንሰት ችግኙን ይዞ እንዲመጣ ተነገረ። የማን ቤት ጠፍቶ የማን ሊበጅ ብሎ በአደባባይ የጠየቀ አልነበረም። አቶ ሽፈራው ብቻ ሁለት ገጽ ጽፈው፣ ችግኙ ሳይመረመር ከተቀላቀለ የአንዱ ጓሮ በሽታ የሁሉም እንደሚሆን አስጠነቀቁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ዳኘ፣ ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው እንባቸውን የሚጠርጉት፣ ደብዳቤውን በስብሰባ ላይ አንብበው አድኃሪ አሏቸው። አሥራ ሁለት ቀን ከታሰሩ በኋላ፣ ተክሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ተፈቱ። ወጥተው ያደረጉት ነገር ቢኖር በአዲሱ መንደር መግቢያ ላይ ግንድ ማንደድ ነው። ሰው ሁሉ ቢላዋውን ይዞ ተሰልፎ፣ እሳት እያሳየ እንዲገባ አደረጉ። ሁሉም ተሰልፏል ተባለ።

በ1979 ዓ.ም. በሽታው በአዲሱ መንደር ገባ። የጀመረው በማን ጓሮ ነው ቢባል በአቶ ሽፈራው ጓሮ ነው። ከዚያ አልፎ በዓመት ውስጥ ሃያ ሦስት ቤት ባዶ አደረገ። አቶ ዳኘ ሕዝቡን ሰብስበው ይህ አሻጥር ነው፣ ቢላዋውን እሳት ሳያሳይ የገባ ሰው አለ፣ ስሙ ይምጣ አሉ። ሟችን ሦስት ጊዜ ጠየቋቸው። ሟችም በሦስተኛው ተነሥተው «የጀመረው በእኔ ጓሮ ነው፤ ከእኔ ሌላ የሚጠየቅ የለም» አሉ። ሕዝቡ ይህን እንደ ኑዛዜ ያዘው። አምስት ወር ታሰሩ፣ ከሥራቸውም ተሰናበቱ። ከበር ወደ በር በሽታ ያዞሩት በጫማቸው ነው ተባለ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። እድሩም ስማቸውን ከመዝገብ ሰረዘ። በ1980 ዓ.ም. ወይዘሮ እልፍነሽ ሲያርፉ ድንኳን አልተተከለም፤ የእናታቸውን ጉድጓድ የቆፈሩት ሽፈራው ራሳቸው ናቸው። ከዚህ ድንኳን ሥር ካለው ሕዝብ ያን ቀን አንድ አካፋ አፈር የመለሰ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ጸሐፊውም አልሄደም።

አሁን ዘመኑ ተለወጠ፣ ቅይጥ ኢኮኖሚ ተባለ፣ ሁሉም መንደር ምሥረታን ይረግማል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጸሐፊው ራሱን ከውሾቹ አይለይም።

አቶ ሽፈራው እስር ቤት በጀመራቸው የጉበት ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው ባለፈው መጋቢት ሆሳዕና ሆስፒታል ገቡ። እዚያ ሳሉ ጸሐፊውን አስጠሩት። ወይዘሮ ገነቴ ከቤታቸው ጣሪያ ውስጥ አውጥተው ያመጡት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አልጋቸው ላይ ነበር። ሲፈታ ቢላዋ ነው፤ የቀንድ እጀታው በአንድ ጎኑ ጠቁሯል።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ወደ አዲሱ መንደር በገቡበት ቀን መምህር ጥሩሰው ሳህሉ አልተሰለፈም። «ያ ሰው የአባቴን ቢላዋ ሁለተኛ እሳት ውስጥ አይከትብኝም» ብሎ፣ በወንዙ በኩል ዞሮ ገባ። ጠዋት በአሮጌው ጓሮ ሁለት የጠወለገ እንሰት ቆርጦ ጥሎ፣ ያንኑ ቢላዋ ሳያጸዳ ነበር ይዞ የመጣው። በዚያው ሳምንት እህቱ ወይዘሮ ገነቴ ቅጠል ልቁረጥበት ብለው ቢላዋውን ተዋሱት፤ የቆረጡትም በባላቸው ጓሮ ነው። አቶ ሽፈራው በሽታው በጓሯቸው ሲወጣ ቢላዋውን ቤታቸው አገኙት፣ እጀታውንም ለዩት፤ በእሳቱ በኩል እንዳላለፈ ስለሚያውቁ ማን እንዳልተሰለፈ ገባቸው። ደበቁት። አቶ ዳኘ ስም አምጡ ሲሉ ስሙ በአፋቸው ነበረ። አንድ መምህር፣ የአራት ልጆች አባት፣ በአሻጥር ተከስሶ የት እንደሚደርስ ስላወቁ ዋጡት። ጸሐፊው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። እህቱ ቢላዋው ጠፋ ሲሉት ዕድሉን አመሰገነ፤ ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የነሣቸውም ዓይናቸውን ማየት ስላቃተው ነው። ሰው ግን ስለ እጀታው ቂም መሰለው፣ እሱም እንደዚያው አስመሰለ።

በሆስፒታሉ ሟች የተናገሩት አጭር ነው። «ሰው እንደገና ወደ አሮጌው ጓሮ እየተመለሰ ነው፣ ችግኝ ሊያዞር ነው። እኔን አይሰሙኝም። አንተ ጻፈው፣ አንተን ይሰሙሃል» አሉ። ወቀሳ አልጨመሩም። ቢወቅሱ ይሻል ነበር።

አቶ ሽፈራው ዋለ ሚያዝያ 19 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ44 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ገነቴ ሳህሉ፣ ልጆቻቸው ትዕግስት፣ ጴጥሮስና ሮማን ሽፈራው አሉ። አጠውልግ በማይደርስበት፣ ሰው ሰውን በማያባርርበት ጓሮ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያኑርልን። ለቤተ ሰባቸው መጽናናትን፣ ለዚህ ሕዝብ ደግሞ ኀፍረትን ይስጥ።

ከቀብር መልስ በድንኳኑ ደጅ ግንድ ይነዳል። ወደ አሮጌው ጓሮው ችግኝ ሊወስድ ያሰበ ሁሉ ቢላዋውን ይዞ ይምጣና ይሰለፍ። ከሰልፉ ፊት የሚቆመው ጥሩሰው ሳህሉ ነው።