«ነበረ» ያልንህ አሥራ አንድ ቀን

ውድ ባለቤቴ፣

ነርሷ ማንበብ እንደጀመርክ፣ ግን ገጽ ሳትጨርስ እንደሚደክምህ ነግራኛለች። ስለዚህ አትቸኩል፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያልክ አንብበው። በስልክ ልነግርህ ስል ትንፋሽህን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው ደግሞ አልፈልግም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሞተሃል ብለን አልቅሰንልሃል።

የመርከብ ድርጅቱ ደብዳቤ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። እኔ ስፌት ቤት ነበርኩ፤ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እሰፋለሁ። ፖስተኛው ቤት ሰው ሲያጣ ለወንድምጋሼ ሰጠው። ወንድምህን ታውቀዋለህ፤ መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት የካርቶን ጽሑፍ ስላነበበ፣ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ነገር ሁሉ የሚሄደው እሱ ዘንድ ነው። ደብዳቤውን ይዞ በማሽኖቹ መሀል ሲመጣ አየሁት። ፊቱን ሳየው እግሬ ከፔዳሉ ላይ ወረደ።

መስመር በመስመር ተረጎመልኝ። ሞተር ክፍል ውስጥ አደጋ ደረሰ፤ ከመሰላል ወደቀ፤ ሆስፒታል ገባ፤ አልነቃም። የመጨረሻዋን መስመር ሁለቴ አነበባት። «ታታሪ ሠራተኛችን ነበረ ይላል» አለና ወረቀቱን ዘርግቶ ቀረ።

ያን ጊዜ ወደ ልቤ የመጣውን ልንገርህ። ለመጨረሻ ጊዜ ስትደውል፣ ሳታማክረኝ ኮንትራትህን ለሁለት ዓመት እንዳራዘምክ ነግረኸኝ ነበር። እኔም «እንግዲያው ባሕሩን አግባው፤ ለእኔ አትደውልልኝ» ብዬ ጆሮህ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ስልክህ ጠፋ። ያኮረፍክ መስሎኝ እኔም አኩርፌ ተቀመጥኩ። ለካ አንተ ወድቀህ ኖሯል። ይኼንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ይቅር በለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሚያሳፍር ነው። ቤቱ በሰው ሞላ። ፎቶህን አስተልቀን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ጥቁር ልብሴን በራሴ እጅ ሰፋሁት። የመጣው ሰው ሁሉ ስላንተ ያወራል፤ ሳቂታ ነበር፣ ሰው አክባሪ ነበር፣ ሻይ በስኳር ሳይሆን ስኳር በሻይ ነበር የሚጠጣው። መጀመሪያ «ነበር» የሚለውን ቃል እኔ እዘለው ነበር። በአምስተኛው ቀን ግን እኔም አፌ ለመደው። «እሱ እንዲህ አይወድም ነበር» ብዬ የወጥ ቤቱን መስኮት ስዘጋ ራሴን ሰማሁት። በዚያው ቀን ግራጫ ኮትህን ለስፌት ቤቱ ዘበኛ ሰጠሁት። አሁን መልስልኝ ለማለት አፈርኩ፤ ይኸው እሱም ለብሶት በየቀኑ ሰላም ይለኛል።

ቲቸርን ታስታውሳቸዋለህ፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ጡረተኛ የእንግሊዝኛ አስተማሪ። ዓይናቸውን ለመታከም እህታቸው ዘንድ ሰንብተው ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ተመልሰው ሊያጽናኑኝ ወረዱ። ትንሽ ተቀመጡና ካላስከፋሽ ደብዳቤውን ልየው አሉኝ። አዲሱን መነጽራቸውን አድርገው አንዴ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁ፦

«ሞተ የሚለውን የቱ ጋ ነው ያያችሁት?»

ሰው ሁሉ ወንድምጋሼን አየ። ወንድምጋሼ መሬት መሬቱን አየ። ሞተ የሚል ቃል ማናችንም አላየንም፤ እኔማ ከየት አውቄ።

ቲቸር አጠገባቸው አስቀመጡኝና ጣታቸውን አንዲት ትንሽ ቃል ላይ አሳረፉ። «በእኛ አፍ ‹አልነቃም› ስንል ያበቃለትም፣ ገና የሚጠበቀውም ያው ነው። እነሱ ግን ይለዩታል። ‹ዲድ ኖት› ቢሉ ነገሩ ያለፈ ነው። እዚህ የተጻፈው ‹ሃዝ ኖት› ነው። ገና አልነቃም ማለት ነው፣ ልጄ። ‹ታታሪ ነበረ› ያላችሁትም ‹ሃዝ ቢን› ነው፤ እስካሁንም ታታሪ ነው እያሉ ነው» አሉኝ። ወዲያው ግን እጄን ያዝ አድርገው፣ ይኼ የሚናገረው ደብዳቤው ስለተጻፈበት ቀን ብቻ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን እሳቸውም እንደማያውቁ ነገሩኝ። ከደብዳቤው ግርጌ የሆስፒታሉ ስልክ ነበር። ወንድምጋሼ በመጀመሪያው ቀን ሁለቴ ደውሎ ሰው ስላላነሳለት ትቶታል።

ቲቸር ደወሉ። ስምህን ፊደል በፊደል ነገሯቸው። ጠብቁ ተባልን። ከዚያ አንዲት ሴት መጣችና አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ ቲቸር ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው ከአዲሱ መነጽር ሥር ወረደ። «ተኝቷል» አሉኝ። ልጮህ ስል ትከሻዬን ጨበጡት። «እንቅልፍ ነው። አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ እንቅልፍ ተኝቷል። ትናንት ዓይኑን ገልጦ ውኃ ጠይቋል።»

ወንድምጋሼ ወደ ደረጃው ወጥቶ ብቻውን ሲያለቅስ ተሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ ሲሰጡት አላነብም ይላል። ስትመጣ አንድ ነገር በልልኝ፤ ሰውየው በራሱ ላይ ፈርዶ መንምኗል።

እኔ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብተር ገዝቼ ቲቸር ዘንድ ወጣሁ። ከእንግዲህ ስላንተ የሚነገረውን በሰው ጆሮ አልሰማም ብዬ ማልኩ። ይኸው አራት ወር ሆነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴንስ እማራለሁ፣ እሑድ እሑድ ሆስፒታሉ እየደወልኩ ነርሷ ላይ እለማመዳለሁ። መከረኛ ሴት! በመጀመሪያው እሑድ «ነገ በላ ወይ» ብያት ስቃ ልትሞት ነበር። በሁለተኛው ደግሞ ማን ነሽ ስትለኝ «አይ ወዝ ሂዝ ዋይፍ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ድምጿ ቀዘቀዘብኝ፤ የጠየቅኳትንም በአጭሩ እየመለሰች ዘጋችው። ለቲቸር ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ለካ ሚስቱ ነበርኩ፣ ፈትቼዋለሁ ብያት ኖሯል። ዳግመኛ ደውዬ «አይ አም! አይ አም!» ብዬ ሳስረዳት እሷም ሳቀች፣ እኔም አለቀስኩ። አሁን ወዳጄ ናት።

ያለፈውን እሑድ ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። ስልኩን ጆሮህ ላይ አድርጋልህ ነበር። ስለ ኮሌታዎቹ፣ ስለ ቧንቧው ማፍሰስ፣ የአልጋው ያንተ ወገን ዛሬም ሳይነካ እንደሚያድር ነገርኩህና ቃል አለቀብኝ። ከዚያ በዚያ ዝግ ባለ ድምፅህ፣

«መጣሁ» አልከኝ።

ነርሷ ስልኩን ተቀበለችህና ምን አለ፣ እንዲህ ጥርት አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም አለችኝ። እኔ ደብተሬን ፊት ለፊቴ ዘርግቼ አሥራ ሁለቱንም ቴንስ በጣቴ ፈለግሁ። መጣ እንዳልላት አልመጣህም፤ ከአልጋህ እንኳ አልተነሳህም። ይመጣል ብላትም አይሆንም፤ እሱማ የሐኪም ቃል ነው፣ ሩቅ ነው። እኛ ዘንድ ጫማውን ገና ያላጠለቀ ሰው «መጣሁ» ይላል፣ ጠሪውም ልቡ ያርፋል። ይኼንን በምን እንግሊዝኛ እነግራታለሁ? በመጨረሻ «ሂ ኢዝ ካሚንግ»፣ እየመጣ ነው፣ አልኳት። እሷም ድምጿን አለስልሳ፣ ሐኪሞቹ ገና አልወሰኑም፣ ከአምስት ወር በፊት መንገድ አይፈቅዱለትም አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት።

አምስት ወርም ይሁን ዓመት፣ አንተ መጣሁ ብለሃል፤ እኔም ሰምቻለሁ።

እስክትደርስ መጠበቅ የማይሰለቸኝ፣
ሚስትህ