የግራው ተከላካይ

ለእትዬ ሀረገወይን፤ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ በፍራንክፈርት ከሽንፈታችን በቀር ደህና ነን።

ቅዳሜ የሮቤል የዩኒቨርሲቲ ቡድን አራት ለዜሮ ተሸነፈ። አራቱም ጎሎች የገቡት በግራ በኩል ነው። ከጨዋታው በኋላ እኛ አባቶች ቆመን ድክመቱን ስንመረምር፣ ወዳጄ ገናናው በረኛውን ረገመ። ሰይፈ ገብርኤል «ይህን አሰልጣኝ የጎመን ጓሮ እንኳ አላስጠብቀውም» አለ። የግራውን ተከላካይ ግን ማንም አላነሳም፤ ልጄ ነዋ። ይሉኝታቸው አናደደኝ።

«ሮቤልስ? ቆሞ አልነበር የዋለው?» አልኳቸው።

ገናናው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተወው፤ ልጁ ከስቷል» አለኝ።

ሰበብ አልወድም። በእረፍት ሰዓት ሦስት ጠርሙስ ውሃ ሲጨልጥ አይቼ፣ ስንፍና ነው ብዬ ተቆጥቼዋለሁ።

እትዬ፣ አባባን እስከ መጨረሻው ያስታመሟቸው እርስዎ ነዎት። ስኳሩ ሲጀምራቸው ውሃ ይጠማቸው ነበር?

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ፤ መልስዎ ግን ሳይውል ሳያድር ይድረሰኝ።

ወንድምዎ ገብረ ክርስቶስ