ጊዮርጊስ ደርሰናል

ዲሴምበር 28፣ ሰኞ

ዛሬ ምንም የለም።

እማዬ ደብተሩን ስትሰጠኝ «በቀን አንድ መስመር ጻፊ፣ አማርኛሽ እንዳይጠፋ» ነበር ያለችው። ይኸው አንድ መስመር። ጠፋ እንዴ?

እሺ፣ ትንሽ ልጨምር። ዊትኒ፣ የላስ ቬጋስ ጥግ፣ ፀሐይ ነው። ክረምት የሚባለው ነገር እኛ ሰፈር አልደረሰም። ትምህርት ቤት ዝግ ነው... ለነገሩ በኮሮና ምክንያት ከማርች ጀምሮ ትምህርት ቤቴ አልጋዬ ነው። አባባ ዘውዴ ሶፋው ላይ ሆነው ቴሌቪዥኑን ይገሥጻሉ። የእማዬ አጎት ናቸው፤ ቤቱም የእሳቸው ነው። በሰማንያዎቹ ከሱዳን ስደተኛ ሆነው መጡ፣ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነዱ፤ ስለዚህ የማያውቁት ነገር የለም። ክትባት ያውቃሉ፣ ምርጫ ያውቃሉ፣ የሰው ትዳር ያውቃሉ። ባለፈው ዙም ላይ እያለሁ ከኋላዬ ቆመው የሂሳብ አስተማሪዬን «ይቺ ሴትዮ ለራሷም አልገባትም» አሉ። ማይኩ ክፍት ነበር። ሴትዮዋ ሰላምታ መስሏት እጇን አወዛወዘችላቸው። እሳቸውም አወዛወዙ።

ዲሴምበር 30

እማዬ ደወለች። ለገና እመጣለሁ አለች።

አላመንኩም። ስትሪፑ ላይ፣ ካዚኖዎቹ የተደረደሩበት ጎዳና፣ ሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር። ማርች ላይ ሁሉም ሲዘጋ «እንጠራችኋለን» አሏቸው። አልጠሯቸውም። ኦገስት ላይ ዩታ፣ ሶልት ሌክ ሄደች፤ ጓደኛዋ ገንዘቤ ጋ ሆና መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ብላ ነበር፤ ቀረች። ለታንክስጊቪንግ፣ ለፈረንጆቹ የምስጋና በዓል፣ አለች፤ ኦቨርታይም መጣ፣ እሷ ቀረች። አሁን ገና።

«ማክሰኞ ጠዋት በጋሽ አሳምነው መኪና እንነሳለን። ከሰዓት በኋላ እቤት ነኝ።»

«በማን ስም ትምያለሽ?»

«አፍሽን! እናትሽ ነኝ እኮ።»

የሐበሻ ትልልቅ ሰው ስልክ ላይ የሚናገረውን መተርጎም ተምሬያለሁ። «ደርሻለሁ» ማለት ጫማዬን እየፈለግኩ ነው ማለት ነው። «አምስት ደቂቃ» ማለት ሻወር ልገባ ነው። «ደህና ነኝ» ደግሞ ምንም ማለት አይደለም። ቢሞቱ ራሱ ደውለው ደህና ነን የሚሉ ናቸው።

ጃንዋሪ 1

ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ላይ ናቸው። እኔ ፒጃማ ላይ።

ጃንዋሪ 3፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን በዩቲዩብ። አባባ ነጠላቸውን አጣፍተው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ። መሀል ላይ የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ገባ። ለማስታወቂያውም ቆሙ። ሳቄን ይዤ ልሞት ነበር።

ከዚያ ዶናት ቤቱ ፓርኪንግ ሄዱ፤ እነ ጋሽ ጥላሁን፣ የድሮ ባለታክሲዎቹ፣ እዚያ ነው ፓርላማቸው። ማስክ አድርገዋል አሉ። አዎ፣ አገጫቸው ላይ። አገጫቸው ኮሮና እንዳይዘው።

ሲመለሱ ያስላሉ። «አቧራ ነው» አሉ።

ጃንዋሪ 4

ዩታ በረዶ ሊጥል ነው። ዜናው እንዲህ ያለ ከብዙ ዓመት ወዲህ አልታየም ይላል። ጋሽ አሳምነው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው፣ የሚነዱት አሮጌ ቶዮታ ካምሪ ነው፤ ጎማው እንደ አባባ ራስ ለስላሳ።

«አባባ፣ በረዶው ከባድ ነው አሉ።»

«በረዶ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ዳውንታውን ካዚኖ ባር ውስጥ ሁለት ዓመት በረዶ ተሸክሜያለሁ።»

«እሱ እኮ የውስኪ ነው።»

«በረዶ በረዶ ነው!» አሉና ሳል አቋረጣቸው። ረጅም ሳል።

አንድ ነገር አገኘሁ። የዩታ አውራ ጎዳና ላይ ካሜራ ተተክሏል፣ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ከፍቶ ያያል። ከሶልት ሌክ እስከ እኛ ድረስ መንገዱን በሙሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ መንገድ አየሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

ጃንዋሪ 5፣ ማክሰኞ

ጠዋት፦ «ተነስተናል!» ካሜራው ላይ ሶልት ሌክ ነጭ ነው። መኪናው ሁሉ የዱቄት ክምር መስሏል።

እኩለ ቀን፦ አትደውልም።

ከሰዓት በኋላ፦ «ጽጌዬ፣ ጊዮርጊስ ደርሰናል!»

ጊዮርጊስ ማለት ሴንት ጆርጅ ነው፣ ዩታ ጫፍ ላይ ያለች ከተማ፤ ከዚያ እኛ ጋ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሐበሻ ሁሉ በዚያ ሲያልፍ ያማትባል። የከተማዋ ሰዎች፣ ሞርሞኖቹ፣ ማን እንዳማተበባቸው አያውቁም።

ካሜራውን ከፈትኩ። ሴንት ጆርጅ ፀሐይ። ደረቅ አስፋልት። የእማዬ ስልክ ውስጥ ግን ነፋሱ ያፏጫል።

«በረዶ አለ እንዴ?»

«ኧረ ምንም የለም!»

ከጀርባዋ ጋሽ አሳምነው እማዬን በስሟ ሲጠሯት ይሰማል፦ «ስጦታ! ስልኩን ተይና ግፊ!»

ዘጋችው።

ወደ ላይ እያልኩ ካሜራዎቹን አንድ በአንድ ቼክ አደረግኩ። ቢቨር የሚባል ትንሽ ከተማ ጋ፣ ከሴንት ጆርጅ መቶ ማይል ገደማ ወደ ሰሜን፣ መንገዱ ተዘግቷል። የጭነት መኪና ሰልፍ እስከ ካሜራው ጫፍ። እዚያ ውስጥ ናት። እየገፋች።

እኔ የመጋዘን ሰው አይደለሁም፣ መግፋትም አልችልም። ግን እዚያ ብሆን እመርጣለሁ።

አባባ ትኩሳታቸው መቶ ሁለት ፋራናይት፤ ይፋጃሉ። «የቬጋስ ሙቀት ነው» አሉ። በጃንዋሪ! ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበሉም። እቤት የቀረው የቆርቆሮ የዶሮ ሾርባ ብቻ ነው፤ ጾሙ ደግሞ ሁለት ቀን ይቀረዋል። አሞቅኩት፣ ሥጋውን አጠለልኩ።

«የጾም ነው?»

«የጾም ነው። አትክልት።»

ጠጡት። እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሳቸውንም።

ጃንዋሪ 6፣ ረቡዕ

ሲስተር አርያም መጣች። የቤተ ክርስቲያናችን ነርስ ናት፣ እኔ ነኝ የጠራኋት። ሁለት ማስክ ደራርባ በረንዳ ላይ ቆመች፤ ጣት ቆንጥጣ የምትይዝ የኦክስጅን መለኪያ በመስኮት አቀበለችኝ። «ከዘጠና በታች ከሆነ 911 ደውለሽ አምቡላንስ ነው። እኔን እንኳ አትጠብቂ።»

ዘጠና አንድ። ከዚያ ዘጠና። አባባ «ዕቃው ቻይና ሠራሽ ነው» አሉ። በራሴ ጣት አደረግኩት፤ ዘጠና ስምንት። መልሼ በእሳቸው...

ሰማንያ ስድስት።

አምቡላንሱ በስድስት ደቂቃ መጣ። አባባ አልጋው ላይ ተኝተው ሾፌሩን በየት እንደሚሄድ አዘዙት። በር ላይ ሲደርሱ እጄን ያዙኝ። «ለስጦታ እንዳትነግሪያት። መንገድ ላይ ናት።»

አብሬ መሄድ አይፈቀድም አሉኝ። ጎረቤት ሁሉ መጋረጃውን ገልጦ ያያል። ነጠላ ጫማቸው በረንዳው ላይ ቀረ፤ አንዱ ተገልብጦ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እማዬ ደወለች።

«ጊዮርጊስ አደርን። ጋሽ አሳምነው ዘመድ አግኝተው... ጥሩ ቤት ነው።» ቢቨር ሞቴል ውስጥ ናት፣ ሲስተር አርያም ከጋሽ አሳምነው ሚስት ሰምታለች። «ዋናው መንገድ ትንሽ ሥራ አለው። እሳቸው በተራራው በኩል እንሞክር ይላሉ። እኔ ምን ይመስለኛል... አባባ ደህና ናቸው?»

የተራራውን መንገድ ትናንት አይቼዋለሁ። ካሜራው ራሱ በበረዶ ተሸፍኗል።

ብነግራት ትሄዳለች። አውቃታለሁ። ያን ሰውዬ መሪውን ነጥቃ ትሄዳለች።

«ደህና ናቸው። ተኝተዋል።»

«ድምፃቸውን ልስማ።»

«አሁን ነው እኮ ሸለብ ያደረጋቸው። ልቀስቅሳቸውና ይቆጡኝ? አትቸኩሉ እማዬ። መንገዱ እስኪከፈት ቆዩ። እኛ ምንም አንሆንም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እናትሽ ነኝ እንዴ?» አልኳት። ሳቀች። ዘጋሁ።

በእሷ ድምፅ ነበር የተናገርኩት። ቁርጥ በእሷ ድምፅ። ስንት ጊዜ የሳቅኩበት «ደህና ነን»... ይኸው ከእኔ አፍ ወጣ።

ጃንዋሪ 7፣ ገና

እንኳን አደረሰሽ ጽጌወይን። እንኳን አብሮ አደረሰን። አብሮ ከማን ጋር?

ሲስተር አርያም ድፎ ዳቦ በር ላይ አስቀምጣ ደውላ ሄደች። እኔም ሳይዘኝ አይቀርም፤ ሽታ ጠፍቶብኛል። የበዓል ዳቦ አፍንጫዬ ድረስ አስጠጋሁት፤ ካርቶን።

ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ከፈትኩ። የአባባ ቦታ ላይ ቆምኩ። ማስታወቂያው ገባ። ለማስታወቂያውም ቆምኩ። ማንም አልሳቀም።

ሆስፒታል ደወልኩ። «ተረጋግተዋል» አለችኝ ነርሷ። ፈረንጆችም ያችን ቋንቋ ያውቋታል ማለት ነው። ቁጥሩን ጠየቅኳት። ሰማንያ ዘጠኝ፣ ከነኦክስጅኑ።

ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ፣ መንገዱ ተከፈተ። ከካሜራ ካሜራ እየዘለልኩ ግራጫ ካምሪ ፈለግኩ። ከቢቨር ወዲህ፣ ሲዳር ሲቲ ጋ አንድ አየሁ። እነሱ ይሁኑ አይሁኑ እንጃ። እጄን አወዛወዝኩለት። ለስክሪን። እንደ ሂሳብ አስተማሪዬ።

ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ላይ፣ እሱም በፈረንጅ፣ መኪና ቆመ። ጣሪያው ላይ የዩታ በረዶ እንዳለ ነው፤ ቬጋስ ላይ እየቀለጠ በመስኮቱ ይንጠባጠባል። እማዬ በሁለት እጇ የማቀዝቀዣ ሳጥን ተሸክማ ወረደች። ገንዘቤ የሠራችላት ዶሮ ወጥ። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ሞቴል ውስጥ ደረቅ ብስኩት እየቆረጠሙ፣ ዶሮው መኪናው ኋላ በረዶ ውስጥ ተኝቶ፣ ማንም ክዳኑን አልነካም።

«አትግቢ!» አልኳት በበሩ የትንኝ መረብ በኩል።

«ምን ሆነሻል?»

«አባባ ሆስፒታል ናቸው። ከትናንት። እኔም ሳይዘኝ አይቀርም።»

ሳጥኑን መሬት አስቀመጠችው። የአባባን ነጠላ ጫማ አየች፤ የተገለበጠውን አስተካከለችው። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም።

«ደህና ናቸው አልሽኝ እኮ።»

«ጊዮርጊስ ደርሰናል አልሽኝ እኮ።»

ጋሽ አሳምነው መስኮት ሳያወርዱ «እንኳን አደረሳችሁ! እኔ አልገባም!» ብለው ጮኹና ሄዱ። እሷ ግን በሩን ከፈተችው። አትግቢ አልኳት፣ ደግሜ፣ አትግቢ... ጫማዋ እርጥብ ነበር። አቀፈችኝ። ሽታዋን አላገኘሁትም። ዛሬ ያለቀስኩት በዚህ ብቻ ነው።

ጃንዋሪ 9

ሁለታችንም ቤት ውስጥ ተዘግተናል። እሷ አንዱ ክፍል፣ እኔ አንዱ ክፍል። በግድግዳው እናወራለን። ከስልክ ይሻላል።

ጃንዋሪ 11

አባባ ራሳቸው ደወሉ! ድምፃቸው እንደ ወረቀት።

«ደህና ነኝ። ነገ እወጣለሁ።»

«አባባ፣ ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ያንብቡልኝ።»

ወደ ማሽኑ ሲዞሩ ትንፋሻቸው ይሰማል።

«ሰማንያ ስምንት» አሉ። ቀስ ብለው ደግሞ፦ «ጽጌ፣ ሌሊት ሌሊት ይከብደኛል።»

ትልቅ ሰው እውነት ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ ነው። «እኔም ውሸት ነግሬዎታለሁ» አልኩ። «ሾርባው ዶሮ ነበር።»

«አውቃለሁ። ሰባ አራት ዓመት ዶሮ አላውቅም? ሥጋውን እያጠለልሽ ስትለፊ አይቼ ነው የጠጣሁት።»

ጃንዋሪ 16

አባባ ገቡ። አፍንጫቸው ላይ ቱቦ፣ ከኋላቸው የኦክስጅን ጋሪ። ቴሌቪዥኑን ለመገሠጽ ትንፋሽ አጠራቸው። እኔ ገሠጽኩላቸው።

ጃንዋሪ 21፣ ሐሙስ

እማዬ ዛሬ ጠዋት በአውቶቡስ ተመለሰች። መጋዘኑ ከዚህ በላይ አልጠብቅም አለ፤ ሆቴሉም አልጠራትም። መቼ ትመጣለሽ አልኳት። «አላውቅም» አለች። ለፋሲካ አላለችም።

ከሰዓት በኋላ ደወልኩ።

«የት ደረሳችሁ?»



«ጊዮርጊስን አልፈናል። ቢቨር አልደረስንም። እንደገና መጣል ጀምሯል፤ አውቶቡሱ ቆሟል።» ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ጽጌዬ፣ ፈርቻለሁ።»

«እኔም። ክፍልሽ በር ላይ ቆሜ ነው የማወራሽ።»

«አባባስ?»

«ዘጠና ሁለት። ማታ ዘጠና ነበሩ።»

«እሺ» አለች። «እሺ። ስንነሳ እደውላለሁ። ካልተነሳንም እደውላለሁ።»

አባባ ከሶፋው፦ «ምን አለች? ጊዮርጊስ ደረሱ?»

«አልፈውታል። ግን በረዶ ውስጥ ቆመዋል አባባ።»

ስለ በረዶ የሚያውቁትን ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱና ስልኩን መሀላችን፣ ትራሱ ላይ አስቀመጡት።

ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ካሜራውን አልከፈትኩም።