ኮልፌ የበየድኩት ፕሮፔለር

ቅዳሜ፣ ጥር 16

የጋሽ ተሾመ የመዝናኛ ጀልባ ድንጋይ ገጭታ የፕሮፔለሯ አንዱ ክንፍ ስለተሰነጠቀ፣ ፕሮፔለሩን ፈትተው ኮልፌ ብየዳ ቤቴ ድረስ አምጥተውልኝ ሠርቼላቸው ነበር። ዛሬ ላንጋኖ ወርደን ስንገጥመው፣ "የበየድከው አንተ ነህ፤ አብረኸኝ ትወጣለህ" አሉኝ እየሳቁ።

ዋና አልችልም። ጀልባ ላይም ወጥቼ አላውቅም። ብየዳው መሃል ሐይቅ ላይ ቢለቅስ እያልኩ ተሳፈርኩ።

የበየድኩት ክንፍ ከሌሎቹ ጋር ካልተመጣጠነ ጀልባዋ ስለምትንቀጠቀጥ፣ ሞተሩ ሲነሳ መዳፌን ወለሉ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ተፈተለከች፤ ዳርቻው ራቀ፣ ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆነ።

"እንዴት አየኸው?" አሉኝ ጋሽ ተሾመ።

ዞሬ ከኋላችን የሚፈላውን አረፋ አየሁ። ያን ሁሉ ውሃ እየገፋ የሚወስደን እኔ በሞረድ ያስተካከልኩት ትንሽ ብረት ነው። ጌታ ሆይ፣ ሥራህ!

ቤት ስገባ ባለቤቴ "ታዲያ ብየዳው ያዘ?" አለችኝ።

"ያዘ" አልኳት። ስለ ውሃው ግን ከየት ልጀምርላት…