የሴቨሪኖ ሚዛን

ሰኞ፣ ሐምሌ 3

የምዘና ቀን። አሥራ ዘጠኝ ሕፃናት፣ አሥራ ዘጠኝ ለቅሶ። የጤና ጣቢያው ሚዛን ከሚያዝያ ጀምሮ እንደተሰበረ ነው፤ ዛሬም የዓሣ ነጋዴውን የሴቨሪኖን ሚዛን ተዋስኩ። ልጆቹን ከጆንያ በሰፋሁት ማዘያ ዓሣው የሚሰቀልበት መንጠቆ ላይ አንጠለጠልኳቸው። ማርቬሊን ልጇን ጂንጂንን ስሰቅልላት፣ "ናናይ ዱልፋ፣ በስንት ተሸጠች?" ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ከዚያ ቁጥሩን አየች።

ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ። ዓመት ከስምንት ወሯ እኮ ነው!

የከሱ ልጆች አሥራ አንድ። በሚያዝያ አምስት ነበሩ። ምን ነካን? ዓሣ ስለጠፋ ይሆን... ነገ ለማዘጋጃ ቤቱ እጽፋለሁ። የሩዝ ገንፎ የሚላከው በዚህ ቁጥር ልክ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 5

ካፒቴኑ ቤቴ መጣ። ኤልፒዲዮ፣ የቀበሌያችን አለቃ፣ የክርስትና ልጄ። እጄን ይዞ እንደ ወጉ ግንባሩን አስነካ። ትልቅ ዓሣም ይዞልኛል። ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ።

"ናናይ፣ እናቴ፣ ዘንድሮ 'የከሳ ልጅ የሌለበት ቀበሌ' የሚባለውን ሽልማት ልንወስድ ነው። ሸራውም ታትሟል።"

"አሥራ አንድ አሉን እኮ።"

"ሁለት ሁለት ኪሎ ቢጨምሩላቸውስ?"

"ከየት አምጥቼ?"

"ከእስክሪብቶው ነዋ!"

ሳቀ። ሳቀ! የከሳ የለም ከተባለ ገንፎው ይቆማል። ያውቃል። ጂንጂን ከዚያ ገንፎ በቀር ቀን ላይ ምን ትቀምሳለች? ለሚዛን በጀት የለም ብለው ሦስቴ መልሰውኛል። የእሱን ፊት በር አሳክሎ ሸራ ላይ ለማተም ግን በጀት አለ። ይሄን ልጅ የመጀመሪያ ክትባቱን የወጋሁት እኔ ነኝ... ምነው ያኔ ጠንከር አድርጌ በወጋሁት።

ዓሣውን መለስኩለት። ጥሩ ዓሣ ነበር፤ መመለሴም አናዶኛል።

እሑድ፣ ሐምሌ 9



ከቅዳሴ በኋላ ጸሎት ቤቱ ግቢ ውስጥ ካፒቴኑ ማይክራፎን ያዘ። "አንዳንድ ሰዎች ልጆቻችሁ ተርበዋል እያሉ የቀበሌውን ስም ያጠፋሉ" አለ። አንዳንድ ሰዎች! ሃያ ዘጠኝ ዓመት በበጎ ፈቃድ ሠርቼ፣ በአውሎ ነፋስ ውሃው ደረቴ ደርሶ መድኃኒት በራሴ ተሸክሜ... አሁን "አንዳንድ ሰዎች" ሆንኩ።

"ልጆቻችን ደህና ናቸው። የተበላሸው ሚዛኑ ነው። ቀንሶ ነው የሚያሳየው!"

ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ታታይ ኢስኮ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ።

"ካፒቴን፣ የትኛው ሚዛን?"

"ናናይ ዱልፋ የሚመዝኑበት ነዋ።"

"እሱማ የሴቨሪኖ ነው። የኛ ዓሣ የሚመዘንበት።"

ሴቨሪኖ የካፒቴኑ ሚስት ወንድም ነው። ከኋላ ቆሞ ጫማውን ማየት ጀመረ።

"እ... የተበላሸው ለልጅ ነው። ለዓሣ ደህና ነው" አለ ካፒቴኑ። በማይክራፎን!

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ዓሣ አጥማጆቹ ተያዩ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 10

ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተው የሴቨሪኖ ሚዛን ላይ ሰቀሉ። ቢያንስ ሃያ ኪሎ ማለት ነበረበት። አሥራ ሰባት አለ። አውርደው ደገሙት። አሥራ ሰባት። ታታይ ኢስኮ አልጮኸም። "ስንት ዓመት?" ብቻ አለ። ሴቨሪኖ "እኔም አላወቅኩም" ይላል። አይ አለማወቅ!

ካፒቴኑ ሊዋሽ ተነሥቶ እውነት አመለጠው።

እኔስ? ሦስት ወር ሙሉ ልጆቹን በዚያ ሚዛን መዝኜ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም። ዓሣ ጠፋ፣ ወሩ ከፋ እያልኩ... በራሴም ተናድጃለሁ። ወንዶቹ ትክክለኛ ሚዛን ካልመጣ ለሴቨሪኖ አንድ ዓሣ አንሰጥም ብለዋል።

ዓርብ፣ ሐምሌ 14

ሴቨሪኖ ወዶ ሳይሆን በግዱ አዲስ ሚዛን ከከተማ አመጣ። ጸሎት ቤቱ በረንዳ ላይ ተሰቅሎ ተቆለፈበት። ቁልፉ ማን ጋ ይቀመጥ? ሲጨቃጨቁ ታታይ ኢስኮ፣ "ናናይ ዱልፋ ጋ። ዓሣ አትሸጥ፣ ለምርጫ አትወዳደር" አለ።

ልጆቹን ሁሉ እንደገና መዘንኩ። የከሱ፣ አራት። ተመስገን፣ አሥራ አንድ አይደሉም። ዜሮም አይደሉም። ጂንጂን ስምንት ኪሎ፤ አሁንም ለዕድሜዋ ያንሳል። ካፒቴኑ "አራት ማለት እኮ ዜሮ ማለት ነው፣ ይተባበሩን" ብሎ ሰው ላከብኝ። አራት ብዬ ጻፍኩ፣ በፊደልም በአኃዝም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 25

ሽልማቱን ሌላ ቀበሌ ወሰደ። ለእኔ ደግሞ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ማኅተም ያለው። "ለሃያ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎትዎ እያመሰገንን፣ ዕረፍት እንዲያደርጉ..." ዕረፍት! ማን ደከመኝ አለ? በቦታዬ የካፒቴኑ እህት ልጅ ሊሳሚ ተተክታለች።

አለቀስኩ። በንዴት ነው። እሺ... በሐዘንም ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 3

የምዘና ቀን። አልሄድም ብዬ ምዬ ነበር። በማለዳ ሊሳሚ በሬን አንኳኳች፤ አዲሱን የደንብ ልብስ ለብሳለች።

"ናናይ፣ ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው አሉኝ። ይሰጡኛል?"

"አልሰጥም። እኔው እከፍታለሁ።"

አብረን ሄድን። ዓሣ አጥማጆቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ልጆቹን ሲያዩ ወረፋ ለቀቁ። ጂንጂን ስምንት ኪሎ ከሁለት መቶ። ሊሳሚ እስክሪብቶውን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

"አጎቴ እኮ... ስንት ብዬ ልጻፍ?"

"ያየሽውን።"

ጻፈች። አራቱንም። ይህቺ ልጅ ደህና ሳትሆን አትቀርም።

ገንፎው ሊወጣ ሲል ዝናብ መጣ። ማርቬሊን ሮጣ ያንን የሽልማት ሸራ ከቀበሌው መጋዘን ጎትታ አመጣችና ከድስቱ በላይ ወጠረችው። የካፒቴኑ ፊት ከነጥርሱ፣ ከጎኑ "የከሳ ልጅ የሌለበት ቀበሌ" ይላል። አራቱ ልጆች ከሥሩ ተቀምጠው በሉ። ጂንጂን ሁለት ሳህን ጨረሰች።