ኦርቪል ዳይሬክተር የሆነባት ቀን

ውድ እትዬ ኮርዲሊያ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን ብርዱ እንዴት አድርጎታል? የጋሼ ሩፈስ ሳልስ ለቀቀው? እኛ አንድ ጥርሴን ከመነቀሌ በቀር ደህና ነን።

የባለቤቴን የኦርቪልን ነገር ከሰው ከምትሰሚ ከእኔ ስሚ። እንደምታውቂው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ረዳት ዳይሬክተር ነው። ተዋናዩን በሰዓቱ የሚያስመጣ፣ ከኋላ የሚቆመውን ሕዝብ የሚያሰልፍ፣ «ጸጥታ!» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ የሚጮኸው እሱ ነው። ምኞቱ ግን አንድ ቀን ራሱ ዳይሬክተር መሆን ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ዳይሬክተሩ ትርፍ አንጀት ታሞ ሆስፒታል ገባ። የስቱዲዮው አለቃ ሚስተር ክራንዶል ኦርቪልን ጠርቶ፣ «በል ዛሬን አንተ ምራው፤ ካማረልኝ የሚቀጥለው ፊልም ያንተ ነው» አለው። ይህን በስልክ ስሰማ ድንቹን አሳረርኩት።

የሚቀረጸው የድሮ ዘመን ሠርግ ነው፤ ሙሽራዋ አባቷን ተሰናብታ ታለቅሳለች። ካሜራው መቅረጽ ሲጀምር ኦርቪል ልማድ ሆኖበት ዓይኑን ሠርገኞቹ ላይ ተከለ። ያ ዘመን የእጅ ሰዓት የለውም፤ አንዱ ሠርገኛ ደግሞ ሳያወልቅ ገብቷል። ኦርቪል ሰውየው እጁን ኪሱ እንዲከት በምልክት ሲጨነቅ ልቅሶው አለቀ። ሙሽራዋ ሚስ አርዴል፣ «ኦርቪል የኔ ጌታ፣ ማልቀሴን አየኸው ወይስ ልድገመው?» ብትለው፣ «በጣም ጥሩ ነው፤ ሰዓቱ አልታየም!» ብሎ አረፈው። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

የቀኑን ሥራ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ጨረሰ። ሚስተር ክራንዶልም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ዳይሬክተርማ በየመንገዱ ሞልቷል፤ ከሰዓቱ በፊት የሚጨርስ ሰው ከየት አመጣለሁ? አንተንማ በዳይሬክተርነት አላባክንህም!» አለውና የሁሉንም ፊልሞች የሥራ ሰዓት የሚቆጣጠር ኃላፊ አደረገው። በሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት ቢሮ ተሰጠው። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይለዋል፤ እሱም አመሰግናለሁ ይላል።

ቤት ሲመጣ፣ «ለመሆኑ ልጅቷ እንዴት አለቀሰች?» አልኩት። ባርኔጣውን እየሰቀለ፣ «አላየኋትም እኮ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላነሳሁበትም።

ፊልሙ እናንተ ከተማ ሲመጣ ግቢና እይልኝ። የኦርቪል ስም አይጻፍበትም፤ የሙሽራዋ ልቅሶ ግን የእሱ ነው። ልብ ይነካ እንደሆነ ለራሱ ጻፊለት፤ እኔ ብነግረው ሚስቴ ናት ብሎ አያምነኝም።

ጋሼ ሩፈስን ሳሚልኝ። ልጅሽን ኦፓልን ከነባሏ፣ አማትሽንም ጮክ ብለሽ ሰላም በይልኝ፤ ጆሯቸው እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ።

እህትሽ ኤድና
ሆሊውድ፣ እሑድ ማርች 6 ቀን 1938