የዓሣው አከርካሪ

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1966 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዲያቆን ፈንታሁን። የጣና ነፋስ ተስማምቶህ ይሆን? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ለፋሲካ የላክኸው ደረቅ ዓሣ በዓሉ ካለፈ በኋላ ደረሰን። የበላነው እኔና ታናሻችን ብዙዬ ነን፤ እማዬ ጾም ነኝ ብላ አልቀመሰችም። አጥንቱን ትምህርት ቤት ወሰድሁት። መምህራችን ዓሣም እንደ በሬ፣ እንደ እኛም፣ አከርካሪ ካላቸው እንስሳት ይመደባል አሉና አንጓዎቹን አስቆጠሩኝ።

ቅዳሜ እማዬን ወገቧን አሟት ጀርባዋን ሳሽላት የእሷንም ቆጠርሁ። ከዓሣው ይልቅ የእሷ ይቀላል።

አንተ ዲያቆን ነህና ልጠይቅህ፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ የሚጾም ጾም አለ ወይ?

እማዬ «ደህና ናት በይው» ብላኛለች።

እህትህ ሐረግ